በጃንጥላ ከሰማይ ስለ መውረድና ስለ ጀማሪ ፍርሃት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላጫውታችሁ የመጣሁት ነገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ፥ ለአንዳንዶቻችሁም የዕብደት ሥራ ሊመስላችሁ ይችላል። አይሮፕላኑ ደህና እየበረረ፥ ሞተሩ ሳይጠፋ፥ እሳትም ሳይነሣበት፥ ሰው በገዛ ፈቃዱ በሩን ከፍቶ ራሱን ወደ ባዶ አየር የሚወረውርበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን እየጠየቅሁ ከመሣቅ በቀር ስለ ነገሩ ከልቤ አስቤ አላውቅም ነበር። ሣቄን የቈረጠው አንድ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የጻፈችልኝ የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት። የምትኖረው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዋም ሃያ አራት ዓመት ነው። በጃንጥላ መውረድን መማር ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበርና በአስተማሪዎች ታጅባ የምታደርገውን ዝላይ ጨርሳ ብቻዋን እንድትዘል ተፈቅዶላት ነበር። የመጀመሪያውን የብቻ ዝላይ በደህና ወረደች። በሁለተኛው ግን በሩ ተከፍቶ ነፋሱ ሲገባ ጉልበቷ እንደ ድንጋይ ደረቀባት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ሲዘሉ እርስዋ በወንበሯ ላይ ቀረችና ጃንጥላዋን እንዳዘለች ከአብራሪው ጋር ተመልሳ ወረደች። «ጋሼ፥» ትላለች በደብዳቤዋ፤ «እስከ አሁን ደፋር የመሰልሁት ሰው ይዞኝ ስለ ነበረ ኖሯልን? በሚመጣው ቅዳሜ ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ? ለእማዬ ግን አትንገራት።»

ይህን ሳነብ ሁለት ጭንቀት ያዘኝ። አንደኛው፥ ስለ ማላውቀው ነገር ምክር ተጠይቄአለሁ። እኔ ከፍ ካለ ቦታ ዘልዬ የማውቀው ከትምህርት ቤታችን አጥር ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ዘበኛው ሲያባርረኝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናቷ ይህን ንግግር ሳታቋርጥ የምታዳምጥ ሴት መሆኗ ነው። ስለዚህ ለልጅቱ «እናትሽን አልዋሻትም፤ አንቺው ንገሪያት» ብዬ ጻፍሁላት። ነገረቻት። እኅቴም አንድ ሳምንት ሙሉ ከሁለታችንም ጋር ሳትነጋገር ቈየች፤ ኋላ ግን ስም ሳልጠራ ታሪኩን እንዳወራው ፈቀደችልኝ። እኔም በዚያ ሳምንት መጻሕፍት ሳገላብጥና የሚያውቁትን ስጠይቅ ሰነበትሁ። ለእኅቴ ልጅ ከጻፍሁላት መልስ ውስጥ ለሁላችሁም ይጠቅማል ያልሁትን ነው አሁን የምነግራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደ ጠራሁ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። አንድሬ ዣክ ጋርኔረን የሚባል ፈረንሳዊ በ1797 ዓ. ም. በጥቅምት ወር 22 ቀን በፓሪስ ከተማ፥ ሞንሶ በሚባለው የመናፈሻ ቦታ፥ በሞቃት አየር ሳይሆን በጋዝ በተሞላ ባሉን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። የተቀመጠው ከሐር በተሠራ ጃንጥላ ሥር በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ከዚያ ባሉኑን የያዘውን ገመድ ቈረጠው። ጃንጥላው ተዘረጋ፤ ነገር ግን በአናቱ ላይ ቀዳዳ አልነበረበትምና የታመቀው አየር መውጫ ሲያጣ በአንዱ ጠርዝ፥ አንድ ጊዜም በሌላው እየሾለከ ቅርጫቱን እንደ ደወል ምላስ ሲያወዛውዘው ወረደ። ሰውየው ምድር ሲደርስ ሆዱ ታውኮ ነበር ይባላል፤ ቢሆንም ሕይወቱ ደህና ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዣን ላብሮስ የምትባል ሴት በጃንጥላ በመውረድ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህን ለእኅቴ ስነግራት «ያን ጊዜም የማይሰሙ ልጆች ነበሩ በለኛ!» ብላኛለች።

ከአይሮፕላን ዘሎ፥ በራስ እጅ ገመድ ስቦ ጃንጥላ መክፈት የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች፥ ከሊቃውንቱም ወገን ጭምር፥ ሰው በባዶ አየር ውስጥ ሲወድቅ ልቡናውን ይስታል፥ እጁንም ማዘዝ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ሌስሊ ኧርቪን የሚባል አሜሪካዊ በ1919 ዓ. ም. ሚያዝያ 28 ቀን በኦሃዮ ውስጥ ከአይሮፕላን ዘሎ ጥቂት ከወደቀ በኋላ ገመዱን በገዛ እጁ ሳበና ጃንጥላውን ከፈተ። ያ ሁሉ ሰው ለዓመታት የፈራው ነገር በአንድ ጥዋት ሐሰት ሆነ። ሰውየው ጉዳት ያገኘው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው፤ ሲያርፍ ቊርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ፈጽማ የራቀች አይደለችም። በትሪኒዳድ የተወለደው ጥቁር አይሮፕላን ነጂ ሁበርት ጁልያን በ1923 ዓ. ም. በኒውዮርክ ከተማ በሐርለም ሰፈር ላይ በጃንጥላ ወርዶ ስሙ ከተጠራ በኋላ በ1930 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት በጃንጥላ ወርዶ አሳይቷል። የኮሎኔልነት ማዕርግም ተሰጠው። ዳሩ ግን የዘውዱ በዓል ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዱትን ትንሽ አይሮፕላን ሰበረና አገሩን ለቆ ለመሄድ ተገደደ። ጃንጥላው በደህና ያወረደውን ሰው አይሮፕላኑ ሊያወርደው አልቻለም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ልንገራችሁ። ቀድሞ ጀማሪ የሚማረው በገመድ ነበር፤ ይኸውም የገመዱ ጫፍ ከአይሮፕላኑ ጋር ታስሮ ሰውየው ሲዘል ራሱ ገመዱ ጃንጥላውን ይከፍትለት ነበር። ዣክ አንድሬ ኢስቴል በ1959 ዓ. ም. በማሳቹሴትስ፥ ኦሬንጅ በተባለች ትንሽ ከተማ ተራው ሰው ከፍሎ የሚማርበትን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ማዕከል ሲከፍት በዚህ ዘዴ ያስተምር ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ሌላ ዘዴ ተስፋፍቷል። አንድ ቀን ያህል በምድር ላይ ከተማሩ በኋላ ጀማሪው ከሁለት አስተማሪዎች ጋር ይዘላል። አንዱ በቀኝ፥ አንዱ በግራ ሆነው መታጠቂያውን ጨብጠው አብረውት ይወድቃሉ። ሰውነቱን ማስተካከል ሲለምድ አንዱ ይቀራል፤ ቀጥሎም ሁለተኛው ይለቀዋል፤ በመጨረሻ ብቻውን ይሆናል።

የሚዘሉበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ከምድሩ በላይ 4,000 ሜትር ያህል ነው። ይህም ከእንጦጦ ራስ እጅግ የሚበልጥ፥ ከራስ ዳሸን ግን ትንሽ የሚያንስ ከፍታ ነው። አየር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፥ በሜዳው ላይ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ በዚያ ላይ ብርዱ እንደ ሌሊት ውርጭ ነው። ሰውየው ከዘለለ በኋላ የመጀመሪያውን 300 ሜትር በ10 ሴኮንድ ያህል ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የአየሩ ግፊት ክብደቱን ስለሚመክተው ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆምና በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይረጋል። በሚሮጥ መኪና መስኮት እጃችሁን አውጥታችሁ የምታውቁ እንደ ሆነ አየር የሚደገፉት ነገር መሆኑን ለማወቅ አይቸግራችሁም። በዚህ ፍጥነት አየሩ እንደ ፍራሽ ይሆናል። ደግሞ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ የሚሰማው የአንጀት መንሸራተት በዚህ የለም ይላሉ፤ ምክንያቱም አይሮፕላኑ ራሱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚበር የዘለለው ሰው ቀድሞውኑ በነፋስ ውስጥ ነው፤ ከፊቱ ይመጣ የነበረው ነፋስ ቀስ በቀስ ከሥሩ ይመጣበታል እንጂ ድንገተኛ ለውጥ የለም።

የሰውነት አያያዝ የትምህርቱ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ጣባ በውኃ ላይ ብታስቀምጡ በሆዱ ተደግፎ ይንሳፈፋል፤ ቢገለበጥ ግን ይሰምጣል። የሚዘለውም ሰው ወገቡን ወደ ፊት ገፍቶ፥ ደረቱን ቀና አድርጎ፥ እጆቹንና እግሮቹን ወደ ኋላ ሲለቅ እንደዚያ ጣባ ይሆንና ሆዱ ወደ ምድር ይመለከታል። ፍርሃት ግን የሚያዘን በተቃራኒው ነው፤ የፈራ ሰው ይኮራመታል፥ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል። የተኮራመተም ይገለበጣል። እንግዲህ ጀማሪው በአየር ላይ የሚታገለው ከነፋሱ ጋር ሳይሆን ከገዛ ጅማቱ ጋር ነው ማለት ይቻላል።

በጀርባው የሚሸከመው ከረጢት ሁለት ጃንጥላ ይዟል፤ ዋናውና መጠባበቂያው። የመጠባበቂያውን አጣጠፍ በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይሠራዋል፤ ባይከፈትም እንኳ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ ይመረመራል። የዛሬው ጃንጥላ ደግሞ እንደ ቀድሞው ክብ አይደለም። ዶሚና ጃልበርት በ1964 ዓ. ም. ባወጣው አሠራር መሠረት በሁለት ጨርቆች መካከል ብዙ ጓዳዎች ያሉትና አየር ሲገባባቸው እንደ አይሮፕላን ክንፍ የሚነፋ አራት ማዕዘን ነው። በሁለት እጀታ ወደ ቀኝ፥ ወደ ግራ ይነዳል፤ ሁለቱ አንድነት ሲሳቡም ፍጥነቱን ያበርዳል። በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ሰውየው ልቡናውን ቢስት በአየሩ ግፊት ከፍታውንና ፍጥነቱን ለክቶ መጠባበቂያውን ራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ። ከነዚህ መሣሪያዎች ስሙ የገነነው ሳይፕረስ የተባለው ሲሆን፥ ሄልሙት ክሎት የተባለ ጀርመናዊ በ1991 ዓ. ም. ለገበያ አውጥቶታል።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ መጻፌ እርስዋ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቀው ለአስተማሪዋ ፊደል እንደ መቊጠር ነበር። የጠየቀችኝ ስለ ጨርቅና ገመድ አልነበረም፤ በሩ ላይ ስለ ደረቀው ጉልበቷ ነው።

ወደዚያ ልመለስ። በ1960ዎቹ ሲሞር ኤፕስታይንና ዋልተር ፌንዝ የተባሉ የሥነ ልቡና መርማሪዎች በጃንጥላ የሚዘሉ ሰዎችን ከምድር ጀምረው እስከ አይሮፕላኑ በር ድረስ እየተከታተሉ የልብ ትርታቸውንና የአተነፋፈሳቸውን ሁኔታ መዘገቡ። ጀማሪዎቹንና ልምድ ያላቸውን ለየብቻ አደረጓቸው። በጀማሪዎቹ ዘንድ የልብ ትርታው ከምድር ጀምሮ እየጨመረ፥ እየጨመረ ሄዶ በሩ ላይ ከሁሉ ይበልጣል። ይህን ማንም ይገምታል። በባለልምዶቹ ዘንድ የተገኘው ግን የሚያስደንቅ ነው። እነርሱም ፈርተዋል! ልዩነቱ፥ የእነርሱ ፍርሃት ከፍ የሚለው አስቀድሞ፥ ዝላዩ ገና ሩቅ ሳለ ሆኖ፥ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄዶ በሩ ሲከፈት ልባቸው ረጋ ማለቷ ነው። ልምድ ፍርሃቱን አላጠፋውም፤ ሰዓቱን ለወጠው እንጂ።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ በማስታወቂያ ሥራ ላይ አዲስ በተቀጠርሁበት ወራት፥ በማይክሮፎኑ ፊት ቀይዋ መብራት ስትበራ እጄ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። የያዝሁት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ አድማጭ ዝናም የሚዘንብ እስኪመስለው ድረስ ድምፁ ይተላለፍ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፤ ደግሞ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በቃልህ ያዝ፤ የመጀመሪያው ባይሳካ እንኳ የምትሄድበት ይኖርሃል» አለኝ። ዛሬ መብራቷ ስትበራ እጄ አይንቀጠቀጥም። ፍርሃቴ ፈጽሞ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ልብ ብዬ ብመለከት በንግግሬ ቀን ጥዋት ጢሜን ስላጭ ቊርሴ አይበላልኝም። ያው ነው፤ ቀደም ብሎ መጥቶ ቀደም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ «አትፍሪ» ብዬ አልጻፍሁላትም። «ፍርሃትሽን በጥዋት ጀምሪው» ብዬ ነው የጻፍሁላት።

ይህም እንዴት ይሆናል ብትሉኝ፥ ሥራው የእጅ ሥራ ነው። የሚዘሉት ሰዎች አይሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት መታጠቂያውን፥ እጀታዎቹን፥ የማሰሪያውን ቊልፍ ይመረምራሉ፤ ሲሳፈሩ እንደገና፥ በሩ ሊከፈት ሲልም ለሦስተኛ ጊዜ ይመረምራሉ። በምድር ላይ ቆመው ዝላዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃቸውና በወገባቸው ይለማመዱታል፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ብቻቸውን የሚያሸበሽቡ ይመስላሉ። መጠባበቂያውን መክፈት ደግሞ በተንጠለጠለ መታጠቂያ ላይ ሆነው እጃቸው ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ይደጋግሙታል፤ ይኸውም ማየት፥ ዋናውን ቈርጦ መጣል፥ መጠባበቂያውን መክፈት። በአየር ላይ የማሰቢያ ጊዜ አጭር ነው። ተማሪ ጃንጥላውን የሚከፍተው በ1,700 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ችግር ቢኖር እስከ 760 ሜትር ድረስ ወስኖ መጨረስ አለበት።

ከተማርሁት ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የቅደም ተከተሉ ደንብ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጃንጥላውን ክፈት፤ ቀጥሎ በተወሰነው ከፍታ ክፈት፤ ከዚያ በኋላ ሰውነትህን አስተካክለህ ክፈት ይላል። ማማር የመጣው በሦስተኛው ቦታ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት መገለባበጥን ነው፤ «ብገለበጥ እጠፋለሁ» ይላሉ። ደንቡ ግን ተገለበጥህም አልተገለበጥህም ከፍታው ሲደርስ ክፈት ይላቸዋል። መገለባበጡ የገጠመው ተማሪ ወገቡን ገፍቶ አምስት ሴኮንድ ይሞክራል፤ ካልተስተካከለለት ይከፍታል፤ ሌላ ክርክር የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው ብቻውን መሆን የሚያስፈራው የሚያደርገውን ስለማያውቅ ሳይሆን ሁሉንም አሳምሮ ማድረግ አለብኝ ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ተመልሶ ስለ መውረዷም ነገር አለ። ልጅቱ ከአይሮፕላኑ ስትወርድ ይሥቁብኛል ብላ ነበር፤ አንድም የሣቀ አልነበረም። አስተማሪዋ መጀመሪያ የጠየቃት «ለአብራሪው ነግረሽው ነበርን?» ብሎ ነው። ምሥጢሩ ምን መሰላችሁ? ያ ራሱ የሚከፍተው መሣሪያ ለተማሪ የሚሠራው ዓይነት ሰውየው በአይሮፕላን ውስጥ መሆኑን አያውቅም። አብራሪው እንደ ልማዱ በፍጥነት ቊልቊል ቢወርድ መሣሪያው «ይህ ሰው እየወደቀ ነው» ብሎ መጠባበቂያውን በአይሮፕላኑ ውስጥ ሊከፍተው ይችላል። ጃንጥላ በአይሮፕላን ውስጥ ተከፍቶ በበሩ በኩል ነፋስ ካገኘው ደግሞ ለሁሉም የሞት አደጋ ነው። ስለዚህ የማይዘል ሰው እጀታዎቹን በእጁ ሸፍኖ፥ ቀበቶውን አስሮ፥ ለአብራሪው ነግሮ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መሣሪያውም ይጠፋል። አለመዝለል ራሱን የቻለ ሥርዓት ያለው ነገር ሆኖ በትምህርቱ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱን ሳይ ለልጅቱ ጥያቄ ግማሹን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ለፈሪ ተብሎ የተጻፈ አይደለምና! ደመና ሲመጣ፥ ነፋስ ሲነሣ፥ ዕቃ ሲላላ አሥር ሺህ ጊዜ የዘለለውም ሰው እንደዚያው ይወርዳል።

ለቀሪው ግማሽ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ምሳሌ ሆኖኛል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት አባትየው ጆርጅ ቡሽ በ1944 ዓ. ም. መስከረም 2 ቀን በጦርነት ላይ ሳሉ አይሮፕላናቸው በጃፓን ደሴት አጠገብ ተመትቶ በጃንጥላ ወጥተው ነበር። በዚያ ጥድፊያ ገመዱን ቀድመው ስለ ሳቡ ራሳቸው ከአይሮፕላኑ ጭራ ጋር ተጋጨ፥ ጃንጥላውም ተቀደደ። በባሕር ወድቀው ዳኑ። ይህ ነገር በልባቸው ሲመላለስ ኖሮ በ1997 ዓ. ም.፥ በ72 ዓመታቸው፥ በአሪዞና ከአይሮፕላን ዘለሉ፤ ይህን ጊዜ እንደ ሥርዓቱ አድርገው ነው። 53 ዓመት ቈይተው መመለስ ከተቻለ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ ብዙ አይደለም ብዬ ለልጅቱ ጻፍሁላት። ብቻ ጊዜውን እንዳታራዝመው አስጠነቀቅኋት፤ በአሜሪካ ደንብ ተማሪ 30 ቀን ሳይዘል ከቈየ ተመልሶ ከአስተማሪ ጋር መዝለል አለበት፤ እጅ የተማረውን ቶሎ ይረሳልና።

ቅዳሜ ሄደች፤ ግን አልዘለለችም። በዚያ ቀን ነፋሱ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ነበረ ለተማሪዎች ተከልክሎ ዋለ። እርስዋም ቀኑን ሙሉ የጃንጥላ አጣጠፍ ስትማር ዋለች። ይህ ዕድል ነበር እላለሁ። ጨርቁን በጉልበቷ እየተጫነች፥ ገመዱን እየቈጠረች ስታጥፍ ያ ሰማይ ላይ የሚሆነው ምሥጢር የእጅ ሥራ ሆኖ ታያት። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳያስገድዳት አስተማሪ አብሯት እንዲዘል ለመነች። አስተማሪው ያዘዛትም ነገር እኔን አስደንግጦኛል፤ «በገዛ ፈቃድሽ ተገልበጪ» አላት! ከከፍታው ብዙ ሳይቀንስ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስባ በአየር ላይ ሙሉ ዙር ተገለበጠች። ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡባት። ወገቧን ገፋች፤ ሆዷ ወደ ምድር ተመለሰ። እንደገና አደረገችው። «ጋሼ፥ ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም!» ብላ ጻፈችልኝ፤ «ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም!» በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ዘለለች።

የሌስሊ ኧርቪንን ቊርጭምጭሚት ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ከ1919 ዓ. ም. እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ቢለወጥም ምድር አልተለወጠችም። በዛሬው ጊዜ ከሚደርሰው አደጋ ብዙው ጃንጥላ ሳይከፈት ቀርቶ አይደለም፤ ደህና አድርጎ የተከፈተ ጃንጥላ ይዘው ምድር አጠገብ ሲደርሱ ድንገት በመዞር ነው። የሚዞር ክንፍ ከፍታውን በፍጥነት ይጥላል። ስለዚህ ጀማሪው በ300 ሜትር ላይ ከነፋሱ ጋር፥ በ180 ሜትር ላይ ነፋሱን በጎን፥ በ90 ሜትር ላይ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ይማራል፤ ከዚያ ወዲያ ትልቅ መዞር የለም። ሦስት አራት ሜትር ሲቀረው ሁለቱን እጀታዎች አንድነት ይስባል። የእኅቴ ልጅ በመጀመሪያው የብቻ ዝላይዋ እግሮቿን እያየች ስለ ወረደች ምድር የቀረበች መስሏት ቀድማ ሳበችና በመቀመጫዋ ዐረፈች። ዐይን ወደ እግር ሳይሆን አሻግሮ ወደ ሜዳው ማየት አለበት። አጠራጣሪ ሲሆንም ሁለቱን እግሮችና ሁለቱን ጉልበቶች ገጥሞ፥ ከባት ወደ ጭን፥ ከጭን ወደ ወገብ ተንከባሎ መውደቅ ነው፤ ይህን የአየር ወለድ ወታደሮቻችንም ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ነገር ነው።

አደጋ የለበትም ብዬ ልደልላችሁ አልፈልግም፤ እኅቴንም አልደለልኋትም። በ2023 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ዝላይ ተደርጎ 10 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ቊጥር ስነግራት «የአሥሩም እናቶች አሉ» አለችኝ። ለዚህ የምመልስላት አልነበረኝም፤ ዝም አልሁ።

ልጅቱ እስከ ዛሬ 19 ጊዜ ዘልላለች። በአሜሪካ የመጀመሪያው ማዕርግ የፈቃድ ወረቀት የሚሰጠው ከ25 ዝላይ በኋላ ነውና ስድስት ይቀራታል። ጥዋት ጥዋት ሆዷን ያማታል፥ ቊርስ አይበላላትም፤ በሩ ሲከፈት ግን ይተዋታል ብላ ጽፋልኛለች።

እኅቴ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ ቡና እየጠጣን ሳለ፥ ሌላ ወሬ ስናወራ ቈይታ ድንገት «ለመሆኑ እዚያ ላይ ይበርዳልን?» ብላ ጠየቀችኝ። «እትዬ፥ ከሜዳው በሃያ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል» አልኋት። ሲኒዋን አስቀመጠችና አሰበች። በማግሥቱ ከጥሩ ፈትል የተሠራ ጋቢ ጠቅልላ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ስጥልኝ ብላ ላከችብኝ። ጋቢ ለብሶ የሚዘል ሰው እንደሌለ ልነግራት ነበር፤ ነገር ግን ተውሁት። መንገደኛው ሐሙስ ይሄዳል።